በአጭር ሜዳ ተወልዳ በገመድ የተረፈች

በኖቬምበር 1943 እንግሊዞች ጂፕ ሊያበሩ ተነሡ። ወሬው ቀልድ ይመስላል፤ ግን በጦርነቱ መካከል በጀት የተቆረጠለት ሥራ ነበር። አሜሪካ ሠራሽ ዊሊስ ጂፕ ተመርጣ ጣራዋ ላይ ባለሁለት ምላጭ ሮተር ተተከለላት፤ ከኋላዋ ጅራት ተቀጠለላት፤ ስሟም «ሮታባጊ» ተባለ። ውስጧ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፦ አንዱ መሪ የጨበጠ ሾፌር፣ ሌላው ከላይ የተንጠለጠለ የበረራ ዘንግ የያዘ አብራሪ። የታሰበው ከአውሮፕላን ኋላ በገመድ ተጎትታ እንድትሄድ፣ ወታደሮች በሚፈልጓት ሜዳ ላይ እንድታርፍ፣ ከዚያ ሮተሯን ጥላ እንደማንኛውም ጂፕ እንድትነዳ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጂፗ መውደቅን ትቋቋም እንደሆነ ቀደም ብሎ ተፈትኗል። ኮንክሪት ጭነው ከ2 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ቢጥሏትም ምንም አልሆነችም። ያስቸገረው ጎታቿ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ገመዱ የታሰረው ዳይመንድ ቲ በተባለ ትልቅ የጭነት መኪና ላይ ነበር። መኪናው ጉልበት ሞልቶታል፤ ፍጥነት ግን አልነበረውም፤ ሮታባጊም መሬት ሳትለቅ ቀረች። ኖቬምበር 27 መሐንዲሶቹ የጭነት መኪናውን ትተው ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ባለ 4.5 ሊትር ቤንትሌይ አመጡ። በሰላሙ ጊዜ ባለጸጎች የሚሽቀዳደሙበት መኪና ነው። ያን ቀን ጂፗ ተነሣች፤ በሰዓት ከ72 እስከ 105 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነትም በገመዱ ጫፍ ተንሳፈፈች።

ሮታባጊ የጃይሮፕሌን ዓይነት ነበረች። የጃይሮፕሌን ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው አብራሪው ወይም ፈልሳፊው ነው። ይህች ትንሽ አውሮፕላን ግን ከተፈጠረችበት ቀን ጀምሮ ዕጣዋን የወሰኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሜዳው እጥረትና ከፊቷ ሆኖ የሚጎትታት ነገር። አጭሩ ሜዳ ወለዳት፤ ሄሊኮፕተር መጥቶ ገበያዋን ሲነጥቃት ደግሞ ከመጥፋት ያዳናት ገመዱ ነው።

መጀመሪያ አሠራሯን እንይ። የሄሊኮፕተርን ሮተር የሚያሽከረክረው ሞተር ነው። የጃይሮፕሌን ሮተር ግን በበረራ ላይ ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ከሥር ወደ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ራሱ ያዞረዋል፤ ልጆች ከወረቀት ሠርተው እየሮጡ እንደሚያሽከረክሩት መጫወቻ መሆኑ ነው። ሩጫው ካለ ይዞራል፤ ከዞረ ይሸከማል። ሩጫው ከፕሮፔለር ይምጣ፣ ከመኪና ይምጣ፣ ከጀልባ ይምጣ ለሮተሩ ልዩነት የለውም። ሞተር የሌላት ጃይሮፕሌን በመኪና ኋላ መብረር የምትችለውም ለዚህ ነው።

ነገሩን የጀመረው የስፔኑ ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ ነው። በ1895 ሙርሲያ ውስጥ ከሚኒስትር ቤተሰብ የተወለደ፣ ገና በወጣትነቱ አውሮፕላን ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። በ1919 የሠራው ባለሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሥቶ ሳለ አብራሪው ዝቅ ብሎ እየበረረ ፍጥነቱን ከሚገባው በታች አወረደ፤ ክንፎቹ ነፋስ ከዳቸው፤ አውሮፕላኑም ወድቆ ተሰባበረ። የ23 ዓመቱ ሲዬርቫ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም፦ አውሮፕላኑ ቀስ ቢልም ክንፉ ፍጥነቱን የማያጣበት መላ የለም ወይ? መልሱ አውሮፕላኑ ቢዘገይም ክንፉ ለብቻው እንዲሮጥ፣ ማለትም እንዲሽከረከር ማድረግ ነበር።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ሦስት ማሽኖች ተራ በተራ ወደ ጎን እየተገለበጡ አበሳጩት። ሮተሩ ሲዞር ወደ ፊት የሚሄደው ምላጭ ብዙ ነፋስ ያገኛል፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ጥቂት። ስለዚህ አንዱ ጎን ይነሣል፤ ሌላው ይወድቃል። የሚያስገርመው ትንሿ ሞዴል ያለ ችግር ትበር ነበር። ሲዬርቫ ምክንያቱን ያገኘው ቆይቶ ነው፦ የሞዴሏ ምላጮች እንደ ሸንበቆ ከሚተጣጠፍ እንጨት የተሠሩ ስለነበሩ ነፋሱ ሲበዛባቸው ጎበጥ፣ ሲያንሳቸው ዘርጋ ይሉ ነበር። የትልልቆቹ ማሽኖች ምላጭ ግን ግትር ነው። እናም እያንዳንዱን ምላጭ ሥሩ ላይ በማጠፊያ አሰረው፤ ምላጩ እንደ ልቡ ከፍና ዝቅ እንዲል ፈቀደለት። በጃንዋሪ 1923 አራተኛዋ ማሽን ከማድሪድ አጠገብ በምትገኘው ኼታፌ በረረች። በዚያው ወር ሞተሯ አየር ላይ ቢጠፋባት እንደ ድንጋይ አልወደቀችም፤ ቀስ ብላ ወርዳ አረፈች። ወሩ ሳያልቅም የ4 ኪሎ ሜትር ዙር አጠናቀቀች። ዛሬ የሚበር ሄሊኮፕተር ሁሉ የዚያ ማጠፊያ ባለዕዳ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ሞተር ማጥፋቱ ካላስፈራ ቀሪው ችግር መነሣቱ ነው። ሮተሩ በበቂ ፍጥነት ሳይዞር አውሮፕላኗ መነሣት አትችልም። እዚህ ላይ ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ላይ ገመድ በሮተሩ ዙሪያ ይጠቀለልና ብዙ ሰዎች ጫፉን ይዘው እየሮጡ ይስቡታል፤ ሮተሩም ተወርውሮ እንደተለቀቀ እንዝርት ይነሣል። ገመድ ሳቢ ሰው በሌለበት ደግሞ አብራሪው ሮተሩ እስኪፈጥን ሜዳውን ሲዞር ይውላል። በአጭር ሜዳ ለመነሣት የተሠራች አውሮፕላን ለመነሣት ሰፊ ሜዳ መፈለጓ አስቂኝ ነበር። በኋላ ጅራቷን ወደ ላይ አጥፈው የፕሮፔለሩ ነፋስ ሮተሩን እንዲመታ አደረጉ። ከዚያም ከሞተሩ በፍሪሲዮን የሚያያዝ ዘንግ መጣ፦ መሬት ላይ ሮተሩን ያስነሣል፤ ከመብረሯ በፊት ይለያል። በ1936 የሲዬርቫ ሰዎች ሮተሩን ከሚገባው በላይ አሽከርክረው በድንገት የምላጮቹን አቅጣጫ በመቀየር ያለ ምንም ሩጫ ከቆመችበት ወደ ላይ የምትዘል ማሽን አሳዩ። ያ ዝላይ የአጭር ሜዳ ጥበብ ጫፍ ነበር።

ከ1925 ጀምሮ የሲዬርቫ ሥራ እንግሊዝ ሄዷል። ፋርንቦሮ ላይ ለአየር ሚኒስቴር አሳይቶ ወደደላቸው፤ ጄምስ ዊር የተባለ የስኮትላንድ ባለኢንዱስትሪ ገንዘብ ሰጠውና ኩባንያ ተቋቋመ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 1928 ሲዬርቫ ራሱ እያበረረ፣ አንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ይዞ፣ ከለንደን ተነሥቶ የእንግሊዝን ቻናል ተሻግሮ ፓሪስ ሌ ቡርዤ አረፈ። በማርች 1934 ደግሞ በስፔን የጦር መርከብ ደዳሎ ላይ አርፎ ተነሣ።

አሜሪካኖቹ ሲይዙት ነገሩ ትርዒት ሆነ። ሃሮልድ ፒትኬርን የተባለ የፔንስልቬኒያ ሰው የሲዬርቫን ፈቃድ ገዝቶ ማምረት ጀመረ። ኤፕሪል 22 ቀን 1931 የእሱ አብራሪ ጄምስ ሬይ በዋይት ሐውስ የኋላ መስክ ላይ አረፈ፤ ፕሬዚዳንት ኹቨርም ለፒትኬርን ያለፈውን ዓመት የኮሊየር የአቪዬሽን ሽልማት እዚያው ሰጠው። በዚያው ወር አሚሊያ ኤርሃርት በፒትኬርን ማሽን 5,613 ሜትር ወጣች። ከራስ ዳሽን ጫፍ በብዙ ይበልጣል፤ ማሽኗ ደግሞ አብራሪዋ ራሷ በነፋስ የምትገረፍበት ክፍት ጋቢና ነበራት።

ከዚህ ሁሉ ትርዒት ውስጥ ለዚህ ጸሐፊ የሚጥመው ሌላ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 1936 ያው ጄምስ ሬይ ዋሽንግተን መካከል ባለ መናፈሻ አርፎ ሮተሩን ወደ ኋላ አጠፈ፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ አዛወረ፤ ከመኪኖች ጋር ተቀላቅሎም በጎዳናው እየነዳ የንግድ ሚኒስቴር በር ላይ ቆመ። ማሽኗ ኤሲ-35 ትባላለች፤ በመንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር፤ ዛሬም ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለች። ለምን ተስፋፍታ አልተሸጠችም ቢባል ዋጋዋን መጥራት ይበቃል፤ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን መኪና መግዛት ያቃተው ሰው የሚበር መኪና አይገዛም።

ጃይሮፕሌን ሥራ ያገኘችው ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ከጁላይ 6 ቀን 1939 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ኢስተርን አየር መንገድ በኬሌት ኩባንያ ጃይሮፕሌን የፖስታ ከረጢቶችን ከከተማዋ ዋና ፖስታ ቤት ጣራ ላይ አንሥቶ ወንዙን አሻግሮ ካምደን አውሮፕላን ማረፊያ ያደርስ ነበር። አብራሪው ጆን ሚለር ነው። ጣራ ላይ ማረፍን አስቡት፦ የሕንጻው ጠርዝ ነፋሱን ያጥፈዋል፤ ክረምት ላይ በረዶ አለ፤ ከዳር ካለፉ የሚጠብቀው መንገዱ ነው። በመደበኛ ፕሮግራም በሮተር የተመላለሰ የመጀመሪያው የአየር ፖስታ ይኸው ነበር።

ሲዬርቫ ይህን አላየም። በዲሴምበር 9 ቀን 1936 ጉም በሸፈነው ለንደን ክሮይደን ማረፊያ ተሳፍሮ ሲነሣ የደች አየር መንገዱ ዲሲ-2 ቤቶች ላይ ወድቆ ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የቀድሞው የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር አርቪድ ሊንድማንም ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ በዝግታ መውደቅን ሲታገል የኖረ ሰው በቋሚ ክንፍ አውሮፕላን አለቀ። የዝናውን ሌላ ገጽ መደበቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ጄኔራል ፍራንኮን ከካናሪ ደሴቶች ያወጣችው አውሮፕላን እንግሊዝ ውስጥ እንድትገኝ ከረዱት አንዱ እሱ ነው። በስፔን ስሙ ለአውሮፕላን ማረፊያ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ክርክር የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ሄሊኮፕተር መጣ። ሲኮርስኪ ከ1939 ጀምሮ በሞተር የሚሽከረከር ሮተር ሲያሳይ ጦሩ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። አየር ላይ መቆምና ወደ ኋላ መሄድ ጃይሮፕሌን የማትችላቸው ናቸው። የፒትኬርን ፓተንቶች ግን በሄሊኮፕተሮቹ ውስጥ ገብተው ስለነበር ኩባንያው በ1951 የአሜሪካን መንግሥት ከሰሰ። ፒትኬርን በ1960 ሞተ፤ ክሱ ከእሱ ሞት በኋላም ቀጥሎ በጠቅላላው ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ዘልቆ ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈረደ።

በጦርነቱ ጊዜ ጃይሮፕሌኗ ሞተሯን አጥታ በገመድ ጫፍ እንደገና ብቅ አለች። እንግሊዝ ውስጥ ኦስትሪያዊው ራውል ሃፍነር አንድ ወታደር ብቻ የሚቀመጥባት፣ በጃንጥላ ፋንታ ሮተር የተገጠመላት «ሮታሹት» ሠራ፤ በ1942 በመኪና እየተጎተተች፣ ቀጥሎም በአውሮፕላን እየተሳበች ተሞከረች። ሮታባጊ የእሷ ታናሽ እኅት ነች። ሁለቱም ለውጊያ አልደረሱም፤ ጂፕ የሚሸከሙ ትልልቅ ተንሸራታች አውሮፕላኖች ቀድመዋቸው ነበር።

ጀርመኖቹ የመረጡት ጎታች ከሁሉ ይገርማል፦ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ። ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ መርከበኛው የሚያየው ርቀት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፎኬ-አኽገሊስ ኩባንያ የሠራት ኤፍኤ-330 ግን በገመድ ተጎትታ 120 ሜትር ስትወጣ የዕይታው ወሰን ወደ 46 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ማሽኗ ተፈታትታ ከመርከቡ ማማ ኋላ ውሃ በማያስገባ ቧንቧ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሲፈለግ መርከበኞች አውጥተው ይገጣጥሟታል፤ መርከቡ በፍጥነት ወደ ነፋስ ሲዞር ሮተሩ ይነሣል። አብራሪው የሚያየውን በስልክ ወደ ታች ይናገራል። ፓሪስ አጠገብ ባለው የሻሌ-ሜዶን የነፋስ ዋሻ ውስጥ የሠለጠኑት እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር በደንብ ያውቁ ነበር፦ የጠላት አውሮፕላን ከታየ መርከቡ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ እነሱን ለመሳብ ጊዜ የለም። ስለዚህ አብራሪው ሮተሩን በአንድ እጀታ ይጥላል፤ ሮተሩ ሲሄድ ጃንጥላውን ይዘረጋለታል፤ ከዚያ በኋላ ውቅያኖስ ውስጥ የሚጠብቀው ዕድሉን ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ማሽኖች ተሠርተው ተሳካ የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ በኦገስት 1943 ዩ-177 የተባለው ሰርጓጅ ማዳጋስካር አጠገብ ኤፍታሊያ ማሪ የተባለችውን የግሪክ የጭነት መርከብ በዚህ መንገድ አግኝቶ አሰጠማት። ለተደከመበት ሥራ ውጤቱ ትንሽ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ ዕቃዎች አሜሪካ ተወሰዱ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሮታሹትን እንዲመረምር ከተመደቡት መሐንዲሶች አንዱ በ1917 ሮስቶቭ ዶን ላይ የተወለደው ኢጎር ቤንሰን ነበር፤ በኋለኛ ዕድሜው የኦርቶዶክስ ቄስ የሆነ ሰው ነው። ወታደሮቹ ሊጥሉት ባሰቡት ዕቃ ውስጥ ተራው ሰው ጓሮው ውስጥ ሊሠራው የሚችል አውሮፕላን ታየው። በ1953 በሰሜን ካሮላይና ራሌ ከተማ ኩባንያ ከፈተ፤ ንድፍና መገጣጠሚያ ዕቃም በፖስታ መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሸጠው ሞተር ያላትን አይደለም፤ በመኪና የምትጎተተውን ነው። ሞተር የተገጠመላት ቢ-7ኤም የበረረችው በዲሴምበር 1955 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዓለም የሚያውቃት ቢ-8ኤም መጣች። የቢ-8ኤም ሞተር ጦሩ ለተኩስ ልምምድ ከሚያበርራቸው ሰው አልባ አውሮፕላኖች የመጣ ባለ 72 የፈረስ ጉልበት ማካለክ ነበር። ባዶ ክብደቷ 112 ኪሎ፤ ለመነሣት 90 ሜትር ገደማ ትሮጣለች፤ ለማረፍ 6 ሜትር ይበቃታል። በመነሣትና በማረፍ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ብዙ ጀማሪዎችን አሳስቷል፤ ያረፉባት ሜዳ መልሳ አላስወጣቸውም።

ያኔ አሠልጣኝ አብሮ የሚቀመጥባት ጃይሮፕሌን እንደ ልብ አትገኝም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ገመዱ ሆነ፤ መምህሩ ደግሞ ሾፌሩ። ጠዋት ነፋሱ ሳይበረታ ባዶ መንደርደሪያ ይፈለጋል። አብራሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋና ምላጮቹን አንዱን ሲያልፍ ሌላውን እየገፋ ሮተሩን ያስነሣል። እጁ ከዚያ በላይ ማፍጠን ሲያቅተው ምልክት ይሰጣል፤ መኪናው በሰው እርምጃ ፍጥነት ይንቀሳቀሳል። አብራሪው ሮተሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነፋሱን ያስገባዋል፤ የምላጮቹ ድምፅ ከሹክሹክታ ወደ ተከታታይ ምት ይለወጣል። መኪናው ውስጥ ሁለተኛ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይህን ሁሉ እያየ ለሾፌሩ ይነግረዋል። ሾፌሩ ከቸኮለ፣ ማለትም ሮተሩ ሳይፈጥን መኪናው ከፈጠነ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ምላጭ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄደው ይወድቃል፤ ጅራቱን ወይም መሬቱን ይማታል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማሽኗ የብረት ክምር ትሆናለች። ከፍ ካለች በኋላም ሾፌሩ በድንገት ቢቀንስ ገመዱ ይላላል፤ መልሶ ቢጨምር ይነጥቃታል። ለዚህ ነው በሁለቱም ጫፍ መልቀቂያ መንጠቆ የሚያስፈልገው፤ አንዱ በአብራሪው እጅ፣ ሌላው በመኪናው ላይ።

ታዲያ የትኛው መኪና ይሻላል? የሮታባጊ ታሪክ የሚያሳየው ለከባድ ማሽን ፍጥነት ከጉልበት ቀድሞ እንደሚመጣ ነው። የቤንሰን ማሽን ግን ከሰው ጋር ሩብ ቶን አትሞላም፤ የምትፈልገው ስበት ማንኛውም የቤት መኪና የሚችለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው መኪናው በዝቅተኛ ፍጥነት ሳይንቀጠቀጥ፣ ማርሽ ሲቀየር ሳይነጥቅ መሄድ መቻሉ ላይ ያርፋል። በፍሪሲዮንና በካምቢዮ የሚሠራ መኪና ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲሻገር ለቅጽበት ጉልበት ያቋርጣል፤ ያቺ ቅጽበት ገመዱን ታላላዋለች። የ1950ዎቹ አሜሪካውያን ትልልቅና አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው የቤተሰብ መኪኖች ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስል ነበር። ክብደታቸውም ጥቅም አለው፤ ማሽኗ ወደ ጎን ብትስባቸው የኋላ ጎማቸው ከመስመር አይወጣም። ፒክአፕ የሚመርጡም አሉ፤ ባዶ ፒክአፕ ግን ኋላው ስለሚቀል ጠጠርና ሣር ላይ ይንሸራተታል፤ የሚያስተካክለው ጥቂት ከረጢት አሸዋ ነው። ያም ሆኖ የኪሎ ሜትር ሰዓቱን ብቻ የሚያይ ሾፌር አይበጅም። ነፋሱ ከፊት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ መኪናው ያንኑ ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ሮተሩ የሚያውቀው ነፋሱን እንጂ አስፋልቱን አይደለም። ሜዳ የሌላቸው ደግሞ ተንሳፋፊ የተገጠመላትን የቤንሰን ማሽን ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ይጎትቷት ነበር።

በ1962 ቤንሰን የሮተር አፍቃሪዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ጃይሮፕሌኗም በሺዎች የሚቆጠሩ መካኒኮች፣ ገበሬዎችና ጡረተኞች የቅዳሜ ሥራ ሆነች። እንግሊዛዊው የቀድሞ ቦምብ ጣይ አብራሪ ኬን ዋሊስ ሐሳቡን ወስዶ አሻሻለው፤ በ1961 ደብልዩኤ-116ን አበረረ። በ1967ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» ውስጥ «ሊትል ኔሊ» ተብላ ሚሳይል የምትተኩሰው እሷ ነች፤ ያበረራትም ዋሊስ ራሱ እንጂ ተዋናዩ አይደለም። ዋሊስ የፍጥነትና የከፍታ ክብረ ወሰን ሲሰብር ኖሮ በ2013 በ97 ዓመቱ አረፈ።

ዋሊስ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ብዙዎች ግን አልታደሉም። ርካሽ ማሽን፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ አብራሪ፣ ጓሮ ውስጥ የተሠራ ለውጥ ሲገናኙ አደጋ ይበዛል። ሁለት ነገሮች በተለይ ገዳይ ነበሩ። አንደኛው አብራሪው የማሽኗን መወዛወዝ ለማረም ሲጣደፍ ዘግይቶ እየደረሰ ራሱ ማባባሱ ነው። ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ከማሽኗ የክብደት ማዕከል በላይ ሲቀመጥ የሚመጣ ነው፦ አብራሪው አፍንጫዋን በድንገት ወደ ታች ሲጥል ሮተሩ ለቅጽበት ሸክሙን ይለቃል፤ ከኋላ የሚገፋው ፕሮፔለር ግን መግፋቱን አያቆምም፤ ማሽኗን ወደ ፊት ይገለብጣታል። ከዚያ መመለስ የለም። በ1990ዎቹ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባደረጉት ጥናት ከሁሉ በላይ ወሳኙ የፕሮፔለሩ ግፊት መስመርና የክብደት ማዕከሉ ከፍታ መቀራረባቸው መሆኑን አሳዩ። ገመድ ላይ የሚማር ሰው ከኋላው ፕሮፔለር ስለሌለ ይህን አደጋ አያውቀውም፤ ሞተር ገጥሞ ብቻውን በተነሣበት ቀን ይገናኘዋል። የገመዱ ትምህርት ቤት ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር፤ አሠልጣኝ ጎን ለጎን የሚቀመጥባቸው ማሽኖች እየበዙ ሲሄዱ ገመዱ ወደ ዳር የተገፋውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ የጣሊያኑ ማኚና የጀርመኑ አውቶጃይሮ የሚያመርቷቸው ባለሁለት ወንበር ማሽኖች ሰፊ ጅራትና ሮታክስ ሞተር አላቸው፤ ሮተራቸውንም መሬት ላይ ሳሉ ሞተሩ ያሽከረክርላቸዋል። በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ ክረምት ኦሊምፒክ ወቅት ግሮን የተባለው ኩባንያ ማሽን ለጥበቃ ሥራ ተመድባ ነበር። አጭር ሜዳ ግን አሁንም እንደ ቦታው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 90 ሜትር የሚበቃት ማሽን ቦሌን በመሰለ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ አይበቃትም፤ እዚያ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሮተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም አብረው ይደክማሉ። የደጋ ሜዳ በአብራሪው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ያጥራል።

ማንም ያለ አብራሪ ፈቃድ ጃይሮፕሌን ማብረር ይችል እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ በአሜሪካ መልሱ በ1982 የወጣው ደንብ ቁጥር 103 ነው፦ ባለአንድ ወንበር ሆና፣ ባዶ ክብደቷ ከ115 ኪሎ በታች፣ ነዳጇ ከ19 ሊትር የማይበልጥ፣ ፍጥነቷም በሰዓት ከ102 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ከሆነች የአብራሪ ፈቃድ አያስፈልግም። የቤንሰን ቢ-8ኤም በክብደቷ ለጥቂት ታልፋለች፤ በፍጥነቷ ግን ትወድቃለች፤ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር ትሄዳለችና።